«ጭንቅላቱ አይቀበልም» ከማለታችን በፊት

 

ባለፈው ክረምት ወደ አገር ቤት ያልሄድነው የጀመዓችን አባላት ቅዳሜና እሁድ በጅማ መንገድ ሰበታን እያለፍን፣ ተፍኪ ላይ የማጠናከሪያ ትምህርት ስንሰጥ መክረማችንን ታውቃላችሁ። በሐምሌ የተፍኪ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሐይቅ ይመስላል። ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከብት የሚጠብቁትም፣ ከእናታቸው ጋር ጉሊት የሚቀመጡትም ልጆች ጭቃውን እየረገጡ መጡልን። ከእነሱ መካከል አንዱን ልጅ ዛሬ ሳናነሣው ማለፍ አንችልም።

ልጁ ወደ አራተኛ ክፍል ያለፈ ነው። የሁለተኛ ክፍል የኦሮምኛ መጽሐፍ ከፍተን «እስቲ ይህችን መስመር አንብብልን» አልነው። ዝም አለ። ሌላ ገጽ ገለጥን፤ አሁንም ዝም። ሲወጣ ሊወስዱት የመጡት እናቱ አንገታቸውን ደፍተው «ልጆቼ፣ በእሱ አትድከሙ፤ ጭንቅላቱ አይቀበልም ብለውኛል» አሉን። ማን እንዳላቸው አልጠየቅንም። ነገር ግን ቃሉን አምነውት ነበር፤ ልጁም አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል።

እኛስ ምን አደረግን? እውነቱን እንናገር። ከመካከላችን የሥነ ልቦና ትምህርት የምትከታተለው እህታችን ለክፍል ልምምድ የያዘቻቸው የሥዕል ጥያቄዎች ነበሯት፤ የጎደለውን ቅርጽ ከስድስቱ መርጦ መሙላት የሚጠይቁ። ልጁን አስቀምጣ ጠየቀችው። ብዙውን ሳተ። ማስታወሻችን ላይ «ዝቅተኛ» ብለን ጻፍን። ምንም ባንናገርም በልባችን እናቱ የተነገራቸው ነገር እውነት ነው አልን፤ ከዚያ ቀን በኋላም ጊዜያችንን ለሌሎቹ ልጆች ሰጠን።

በሦስተኛው ሳምንት ዙህርን ልንሰግድ ስንሄድ ከመድረሳው የሚወጣ የልጅ ድምፅ ሰማን። ያ ልጅ ነው። ሉሁን ይዞ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ መድዱን ከነልኩ እየጠበቀ ይቀራል። ኡስታዙን ስንጠይቃቸው ጁዝ ዐማን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ መሻገሩን ነገሩን። በማግስቱ ደግሞ እናቱ ጉሊት ላይ አገኘነው፤ ሽንኩርት ሰፍሮ፣ ከመቶ ብር ላይ መልስ ቆጥሮ ሲሰጥ አንዲት ብር አልተሳሳተም። እህታችን ተመልሳ አስቀመጠችውና ሥዕሎቹን ከማሳየቷ በፊት «ባለፈው ምን ጠይቄህ ነበር?» አለችው። «የምወደውን ሥዕል እንድመርጥ» አላት። ጥያቄው ምን እንደሚል አልገባውም ነበር። በካርቶን ቁራጭ እያሳየችው፣ በራሱ ቋንቋ አስረድታ እንደገና ስታስጀምረው ቀድሞ የሳታቸውን አብዛኞቹን አገኛቸው። ያገኘውን ቁጥር እዚህ አንጽፍም፤ ነገሩ ልምምድ እንጂ ይፋ ፈተና አልነበረም። የምንጽፈው ማፈራችንን ነው።

ይህን ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመጪው ክረምት የተፍኪውን ፕሮግራም ስናቅድ አቅማችን ከአርባ ልጅ እንደማይበልጥ ተነጋግረናል። ከዚያም አንድ ሐሳብ ቀረበ፤ «መጀመሪያ አፕቲትዩድ ነገር እንስጣቸውና የተሻለ አእምሮ ያላቸውን አርባ እንምረጥ። ድካማችን ፍሬ ያለው ይሁን።» ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞቻችን ለልጆቹ ከማሰብ እንጂ ከክፋት አልተነሡም። እኛ ግን አንስማማም፤ ለምን እንደማንስማማ ደግሞ በማስረጃ ማሳየት ይገባናል።

የአእምሮ ብቃት ፈተና ወይም በተለምዶ አይኪው የምንለው ነገር ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የመጀመሪያውን መለኪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የፈለገው ብልሆችን መርጦ ማውጣት ሳይሆን በመደበኛው ክፍል የተቸገሩትን ልጆች ለይቶ ልዩ እርዳታ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በጻፈው መጽሐፍም የልጅ አእምሮ የማይጨምር የማይቀንስ ቋሚ መጠን ነው የሚሉትን ሰዎች በብርቱ ተቃውሟል። መሣሪያው ለእርዳታ ተሠርቶ ሳለ ከእሱ በኋላ የመጡት ለማበጠሪያ ተጠቀሙበት። እኛም ሳናውቀው ያንኑ ልንደግም ነው።

በአይኪው ፈተናና በንባብ ችሎታ መካከል ዝምድና የለም አንልም፤ አለ። በፈተናው ከፍ ያለ ያገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ በንባብም ይሻላል። ግን ዝምድናው ምን ያህል ነው? ተመራማሪዎች የዝምድናን ጥንካሬ ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ቁጥር ይገልጹታል። በመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በሁለቱ መካከል የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ነው። 0.5 ነው እንበል። ይህ ማለት በልጆች የንባብ ውጤት መካከል ከሚታየው ልዩነት በአይኪው ሊገመት የሚችለው ሩቡ ብቻ ነው፤ 0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.25 ነውና። የቀረው ሦስት አራተኛ ከሌላ ነገር ይመጣል፤ ፊደልን ከድምፁ ጋር አጥብቆ ካስተማረ መምህር፣ በቤት ካለ መጽሐፍ፣ ከቋንቋው፣ ከጤናው፣ ከቁርሱ።

ከዚህም በላይ የዝምድናው አቅጣጫ መታየት አለበት። «ብልህ ስለሆነ አነበበ» ብቻ ሳይሆን «ስላነበበ ፈተናውን ቻለ» የሚለውም እውነት ነው። ዴቪድ ዌክስለር እ.ኤ.አ. በ1949 ለልጆች ያዘጋጀውና እየታደሰ እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ፈተና የቃላት ትርጉምና አጠቃላይ እውቀት ይጠይቃል። ልጅ ቃላትንና እውቀትን የሚያጠራቅመው ደግሞ በአመዛኙ በንባብ ነው። ያነበበ ልጅ ቃል ይጨምራል፤ ቃል የጨመረ ልጅ ማንበብ ይቀለዋል። ያላነበበው በየዓመቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛ ክፍል ላይ ትንሽ የነበረው ልዩነት ስድስተኛ ክፍል ላይ ገደል ሆኖ ይገኛል፤ ገደሉን ያየ ሰው ግን «ሲፈጠርም እንዲሁ ነበር» ይላል።

ይህን በጥሩ መንገድ ያሳየ ጥናት በብሪታንያ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይህ ጥናት 1,890 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን ከ7 ዓመት እስከ 16 ዓመታቸው ተከታትሏል። ተመሳሳይ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ ያደጉትም በአንድ ቤት ነው። ሆኖም ከሁለቱ በልጅነቱ በንባብ የተሻለው መንትያ ቆይቶ በአእምሮ ፈተናም የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ የታየውም ቃል በሚጠይቁት ብቻ ሳይሆን ቃል በሌላቸው የሥዕል ጥያቄዎችም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ሲያጠና እያንዳንዱ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የአይኪው ውጤትን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያህል እንደሚያሳድግ አገኘ። እንግዲህ ትምህርት የሚያሳድገውን ነገር ትምህርት ለመስጠትና ለመከልከል መስፈርት ማድረግ ምን ይባላል? ዝናብ ያላገኘውን ማሳ «ቡቃያ የለህምና ውሃ አይገባህም» እንደ ማለት ነው።

የራሳችንን አገር የሚመለከተውን ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሪቻርድ ሊን እና ታቱ ቫንሀነን የተባሉ ሁለት ሰዎች ስለ አገሮች አይኪውና ሀብት በጻፉት መጽሐፍ ለኢትዮጵያ የሰጡት ቁጥር 63 ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ቁጥር በስልካችሁ ሲዘዋወር አይታችሁታል፤ አንዳንዶቻችንም አንገታችንን ደፍተንበታል። ቁጥሩ ግን ከየት መጣ? ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከጅማ የተሰበሰበ ናሙና አልነበረም። የተወሰደው ወደ እስራኤል ገና ከፈለሱ ቤተ እስራኤላውያን መካከል፣ በሬቨን የሥዕል ፈተና ከተፈተኑ ጥቂት መቶ ወጣቶች ነው። ከገጠር ወጥተው፣ ከባድ ስደት አልፈው፣ በማያውቁት ቋንቋ ትምህርት የጀመሩ ልጆች ናቸው። የእነሱ የአንድ ቀን ውጤት ከ60 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለነበራት አገር ማኅተም ሆነ። እምነታቸው ከእኛ ይለያል፤ ነገር ግን ወገኖቻችን ናቸው፣ የተበደሉትም በደል የሁላችንም ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላኛው ገጽ ግን ብዙ አይነገርም። በዚያው አገር ሩቨን ፎየርስታይን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እነዚህኑ ፈላሾች በሌላ መንገድ ፈተናቸው። መንገዱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ትፈትናለህ፣ ከዚያ ጥያቄው ምን እንደሚፈልግና እንዴት እንደሚታሰብ ታስተምራለህ፣ ከዚያ እንደገና ትፈትናለህ። የምትመዘግበው ልጁ ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳይሆን ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚቀበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የዚሁ ዓይነት ጥናት በአንደኛ ክፍል ኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ ተደርጎ ነበር። በመጀመሪያው ፈተና እዚያው ከተወለዱት ልጆች በጣም ዝቅ ብለው ታዩ፤ ከአጭር ጊዜ ጥሩ ማስተማር በኋላ ግን ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። እህታችን ተፍኪ ላይ በካርቶን ቁራጭ ያየችውም ይህንኑ ነው። «ጭንቅላቱ አይቀበልም» የተባለው ልጅ ይቀበል እንደሆነ የሚታወቀው ሰጥተነው ስናይ እንጂ ሳንሰጠው አይደለም።

ለእኛ ለሙስሊም ተማሪዎች ቅርብ የሆኑ ሁለት ሥራዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1931 እና 1932 አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለ የሶቭየት ምሁር ወደ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ማንበብ የማይችሉ ሙስሊም ገበሬዎችን ጠየቀ። «በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ እንዲህ የሚባል ቦታ በረዶ አለው፤ የዚያ ድቦች ምን ዓይነት ናቸው?» በሚል ዓይነት ነበር የሚጠይቃቸው። ብዙዎቹ ያላየነውን አንናገርም ብለው መለሱ። ለፈታኙ ይህ ስሕተት ነው። እኛ ግን በየገጠሩ ያሉ አባቶቻችንን እናውቃለን፤ ላላዩት ነገር መመስከርን ነውር አድርገው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ጥቂት ዓመት የተማሩት ግን ጥያቄውን እንደ ተሰጠ ተቀብለው መለሱ። ትምህርት የጨመረላቸው አዲስ ጭንቅላት ሳይሆን የፈተናን ጨዋታ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው የሲልቪያ ስክሪብነርና የማይክል ኮል መጽሐፍ ነው። በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ ዘንድ ሦስት ዓይነት ንባብ አለ፤ በራሳቸው ፊደል፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በቁርኣን ቤት ደግሞ ዐረብኛ። ሁለቱ ምሁራን ለዓመታት ካጠኑ በኋላ ያገኙት «ማንበብ የቻለ ሁሉ በሁሉም ነገር ብልህ ይሆናል» የሚል አልነበረም። እያንዳንዱ ንባብ የሚያጎለብተው የራሱ ክህሎት አለው። ቁርኣን የቀሩት በተራ እየተጨመረ የሚሄድ ዝርዝርን በቃል በመያዝ በለጡ፤ በትምህርት ቤት የተማሩት ደግሞ ምክንያታቸውን በቃል ማስረዳት ላይ በለጡ። አንድ ፈተና አምጥተህ ሁሉንም ብትለካ የምታገኘው ፈተናው የሚያውቀውን ክህሎት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልጃችን እንመለስ። ቁርኣን በሚገባ እየቀራ የኦሮምኛ መስመር ማንበብ ያቃተው ለምንድን ነው? መልሱን ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው አሉ፤ ፊደሉን ወደ ድምፅ መለወጥና ቋንቋውን መረዳት። ልብ በሉ፣ ብዜት እንጂ ድምር አይደለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁለተኛው የቱንም ያህል ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ነው። ልጃችን በዐረብኛ ፊደሉን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ቋንቋውን ግን ገና አያውቅም። በኦሮምኛ ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል፤ ቁቤውን ግን ማንም ፊደል በፊደል አላስጠናውም። ሁለቱም ግማሾች በእጁ አሉ፤ የተገናኙት ግን በአንድ ቋንቋ ላይ አይደለም። የጎደለው አእምሮ ቢሆን ኖሮ አንዱንም አናገኝበትም ነበር።

ደግሞም ለምን በመድረሳው ቻለ፣ በክፍል ግን አልቻለም ብለን እንጠይቅ። ኡስታዙ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያዳምጡታል። ልጁ ትናንት የተሰጠውን ሳያስተካክል ዛሬ አዲስ አይሰጠውም፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። በተጨናነቀ ክፍል ግን ስልሳ ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። መምህሩ የሚሰማው የጉባኤውን ድምፅ ነው፤ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ልጅ በዚያ መካከል ይደበቃል፤ ዓመቱም ያልቃል፤ ክፍሉንም ያልፋል። ይህን የምንለው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። ስልሳ ልጅ በአርባ ደቂቃ ለብቻ ለብቻ ማድመጥ የሚችል ሰው የለም። ጥፋቱ ግን የልጁም አይደለም።

እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ በሚማሩበት ቋንቋ ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከመረዳት ጥያቄዎቹ አንዱንም አልመለሱም። ሲሶው የኢትዮጵያ ልጅ አእምሮው አይቀበልም የሚል ሰው ካለ ይነሣና ይናገር። ከዚያ ትውልድ በኋላ የሆነውንም አይተናል፤ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ብዙ ምክንያት ይነሣል፤ እኛ ግን ነገሩ የጀመረው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይሆን ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ብለን እናምናለን።

እኛ ራሳችን አፕቲትዩድ የሚባለውን ፈተና ተፈትነን አይደል እዚህ ግቢ የደረስነው? ያ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ሐሳቡን ሳናጣ ቃሉን ስላላወቅን ጥያቄ ያለፍነው? በእኛ ላይ ሲሆን «ቋንቋው ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም» እንላለን። ያንኑ ፍርድ ለተፍኪ ልጅ እንስጠው። በአማርኛ ብንፈትነው የምንለካው አማርኛውን ነው። በኦሮምኛ ብንፈትነውም አዘጋጁ ቋንቋውን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። በኦሮምኛ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚሉት ቃላት የሚለዩት በአናባቢዎቻቸው ርዝመት ነው፤ ቁቤ ይህን አናባቢውን በመደገም ያሳያል፤ የእኛ የግእዝ ፊደል ግን አያሳየውም። በፊደል እየጻፍን «ይህን አንብብ» ብንለው ስሕተቱ የእኛ ነው።

ጤናንም አንርሳ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 38 በመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ነበሩ። የአካል መቀንጨር በአእምሮ እድገትም በትምህርትም ላይ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ በፈተናው ዝቅ ያለ ልጅ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥም የተጎዳ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን እሱን ለመተው ሳይሆን የበለጠ ለመያዝ ምክንያት ነው።

ወደ ተፍኪ ስንሄድ የምናልፋት ሰበታ ራሷ ትምህርት ትሰጠናለች። እዚያ ያለው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለአሥርተ ዓመታት ማየት የተሳናቸውን ልጆች በብሬል ሲያስተምር ኖሯል። ከእነዚያ ልጆች ፊት የሥዕል ፈተና ብናስቀምጥ ውጤታቸው ባዶ ነው። በጣታቸው አንብበው ግን ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ፤ መምህርና ጠበቃ የሆኑ አሉ። ልዩነቱን ያመጣው ለእነሱ የሚሆን የንባብ መንገድ መገኘቱ ነው።

ወንድሞቻችን የሚያነሡትን ጥያቄ ግን አንሸሽም። «አቅማችን አርባ ልጅ ነው፤ መቶ ሃያ ይመጣሉ። መምረጥ ግድ ነው። ፈጣኖቹን ብንይዝ ነገ ግቢ ይገባሉ፤ ተመልሰውም ሰፈራቸውን ያስተምራሉ» ይላሉ። መምረጥ ግድ መሆኑን እንቀበላለን። ፈጣን ልጅም እርዳታ ይገባዋል፤ በድሃ ቤት ያለ ጎበዝ ልጅ ሲባክን ያየ ሰው ይህን አይክድም። ነገር ግን በአእምሮ ፈተና የምናገኛቸው አርባ ልጆች ከሞላ ጎደል እቤታቸው የተማረ ወንድም ያላቸው፣ አማርኛ የሚሰሙ፣ ወረቀትና እርሳስ የለመዱ ናቸው። «ፈጣን» ያልነው ብዙ ጊዜ «ቀድሞ የጀመረ» ማለት ነው። ያኔ እርዳታችን ላለው ጨምሮ የሌለውን ይዘለዋል። የመድረሳው ልጅ ደግሞ ከአርባው ውስጥ አይገባም ነበር፤ በገዛ እጃችን «ዝቅተኛ» ብለን ጽፈንበት ነበርና።

በአሜሪካም ይህ ስሕተት ለረጅም ጊዜ ተሠርቷል። ማንበብ ያቃተው ልጅ ልዩ እርዳታ የሚያገኘው አይኪው ከንባቡ በብዙ ከበለጠ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ዝቅ ካሉ «ከአቅሙ ጋር ይሄዳል» ተብሎ ይተዋል። በኋላ ተመራማሪዎች አይኪው ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም ደካማ አንባቢ የሚቸገሩበት ነገር አንድ መሆኑን አሳዩ፤ እሱም ድምፅን ከፊደል ማገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግም ክልሎች ያንን መስፈርት ግዴታ ማድረግ እንደማይችሉ ደነገገ። ሌላው ዞሮ የተመለሰበትን መንገድ እኛ ዛሬ አንጀምረው።

እንግዲህ ለመጪው ክረምት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የአእምሮ ፈተና ይቅር። በእሱ ፈንታ የመጣውን ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ በሚማርበት ቋንቋ እናስነብበው። ፊደሉን ያውቃል? ቃሉን ይገጣጥማል? ያነበበውን መልሶ ይነግረናል? ለመቶ ሃያ ልጅ አራት ሆነን አንድ ጠዋት ይበቃናል። ይህ ምዘና ልጁ ማን እንደሆነ አይፈርድም፤ ነገ ከየት እንደምንጀምር ብቻ ይነግረናል።

ሁለተኛ፣ ቅድሚያ ማንበብ ላልቻሉት ይሁን። የሚያነቡት ደግሞ አይባረሩም፤ ለእነሱ የሚበጀው መጽሐፍ ነው። ከየዶርማችን የልጆች መጻሕፍት ሰብስበን በአደራ ብናውሳቸው ያለ እኛም ይሄዳሉ።

ሦስተኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገሩ እህት ወንድሞቻችን ፊት ይምጡ። ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌ የመጣችሁ፣ ባለፈው ክረምት አስተርጓሚ አድርገናችሁ ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዘንድሮ መምህሮቹ እናንተ ናችሁ፤ እኛ ጠመኔ እናቀብላለን።

አራተኛ፣ ከኡስታዙ ጋር እንቀመጥ። ዘዴያቸውን እንጂ ተማሪያቸውን አንሻማቸውም። እሳቸው አሊፍ ባን እንዳስቆጠሩት ቁቤውንም ለብቻ ለብቻ እያደመጥን እናስቆጥረው። በእነሱ መድረሳ የማይቀሩ የሌላ እምነት ልጆችም ይመጣሉ፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ በሩ ለሁሉም እኩል ነው።

ስለ ዒልም ስናወራ መጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ መሆኑን በየኹጥባው እንሰማለን። ትእዛዙ የወረደላቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ነበሩ። ማንበብ አለመቻል የአእምሮ ጉድለት ምልክት ነው ብሎ ማሰብ ከማንም በፊት ከእኛ አፍ ሊወጣ የማይገባው ነገር ነው።

ያን ልጅ ክረምቱ ሳያልቅ በቀሩት አራት ሳምንታት ቁቤውን አስጀምረነዋል። በመጨረሻው ቅዳሜ ለእናቱ አንድ አጭር ታሪክ አነበበላቸው። እየተንገዳገደ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ልክ ሉህ ላይ እንደሚያደርገው። እናቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡና ምንም አላሉም። እኛም ምንም አላልንም። ማስታወሻችንን ግን አውጥተን «ዝቅተኛ» የምትለዋን ቃል ሰረዝን።

ቅዳሜ ከዐስር በኋላ በሚደረገው ስብሰባ በዚህ ላይ እንወስናለን። ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ። የማትስማሙትም ኑ።

አላህ ለመልካሙ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።